የገሰሰ ማይነስ

ኢንጂነር ገሰሰን «አቶ ገሰሰ» ብሎ የጠራ ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ባለ መስታወት ሕንፃ ጥበቃዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱለት ከሰላምታው በፊት ማዕረጉን ያስቀድማሉ። ሚስቱ ወርቅዬ እንኳ ስልኳ ላይ «ኢንጂነር» ብላ ነው የመዘገበችው። እሷ ለፌዝ ነበር፤ ግን አንድ ቀን አይቶት ፊቱ እንደ ሕፃን ስለበራ መልሳ ለመቀየር አንጀቷ አልቻለም።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል። ገሰሰ ሁልጊዜ ልክ የሆነ ሰው ነው። የዚህ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉታል። እሱ አክብሮት ይመስለዋል። እነሱ ግን ትዝ የሚላቸው አንዲት ማይነስ በመርሳታቸው ትምህርቱን ያስደገማቸው መሆኑ ነው።

ያቺ ማይነስ የገሰሰ ሃይማኖት ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። በሽቦ ውስጥ ቮልቴጅና ከረንት አብረው ይሄዳሉ፤ ግን ሁሌ እኩል አይራመዱም። ሊፍትና የውሃ ፓምፕ ያለበት ቤት ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ ይዘገያል። ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ የበዛበት ቤት ደግሞ ከረንቱ ይቀድማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንግል ይለካል፤ የዘገየውን ለማቀራረብም ካፓሲተር ይጨመርለታል። እስከዚህ ድረስ ዓለም ተስማምቷል። ጸቡ የሚመጣው የዘገየው አንግል ማይነስ ይጻፍ ወይስ ፕላስ ሲባል ነው። ቮልቴጁ ጋ ቆሞ ከረንቱን የሚያይ ሰው «ከኋላዬ ነው» ብሎ ማይነስ ይጽፋል። ከረንቱ ጋ ቆሞ ቮልቴጁን የሚያይ ደግሞ «ከፊቴ ነው» ብሎ ፕላስ ይጽፋል። ከመገናኛ ገርጂ ያለው መንገድ ያው አንድ መንገድ ነው፤ የቱ መሄድ የቱ መመለስ እንደሆነ የሚወስነው ቤትህ ያለበት ቦታ ነው። መጻሕፍቱም ሁለት ዓይነት ናቸው፣ መለኪያ የሚሠሩት ፋብሪካዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው። ጤነኛ ሰው እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት «እናንተ ዘንድ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ገሰሰ አይጠይቅም። የዘገየ ማይነስ ነው፤ አለቀ። ይህንንም ለሽቦ ብቻ አልተወውም። አርፍዶ የመጣ ሠራተኛ «ዛሬም ማይነስ ገባህ» ይባላል። የቤት ኪራይ የሚያዘገይ ተከራይ ማይነስ ነው፤ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ጎረቤት ማይነስ ነው። አንድ ልጁ ሳምራዊት ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስትመጣ፣ ምሳዋ ከመቅረቡ በፊት «ሳምሪ፣ ማይነስ» የሚል ድምፅ ከሳሎን ይሰማል። ልጅቷ በዚህ አደገች። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በካርጎ ክፍል ትሠራለች፤ ጭነት ዘገየ ብለው ነጋዴዎች ሲጮሁባት ፊቷ አይለወጥም። ቤቷ ውስጥ ለምዳዋለች።

ባለፈው ክረምት ሕንፃው አዲስ ዲጂታል መለኪያ ተገጠመለት። ሕንፃው አሁን ከታች እስከ ላይ በውስጣቸው ካፓሲተር ያለባቸው ኮምፒውተርና ቆጣቢ አምፖል ነው፤ ከረንቱም ከመዘግየት ይልቅ መቅደም ጀምሮ ነበር። መለኪያው ይህን አይቶ ማይነስ ጻፈ፤ የሠራው ፋብሪካ ማይነስ የሚሰጠው ለሚቀድም ነውና። ገሰሰ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቁጥሩን አየና «ይኸው፣ ዘግይቷል» አለ። ካፓሲተር ጨመረ። በማግስቱ ቁጥሩ ባሰበት። «ገና አልጠገበም» ብሎ ሌላ ጨመረ። የሚሮጠውን ከኋላ እየገፋ፣ ለምን አልደረሰም ብሎ የሚገረም ሰው ሆነ።

የመንግሥት መብራት እያለ ነገሩ አይታወቅም ነበር፤ ሰፊ መስመር ብዙ ጥፋት ይሸከማል። መብራት ሲሄድ ግን ጉዱ ይወጣል። ከምድር ቤት ያለው ትልቁ ጄነሬተር ተነስቶ ያጓራል፣ ሕንፃው ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ጄነሬተሩ ድንገት ድርግም ብሎ ይቆማል። ጄነሬተር የሚቀድም ከረንት ሲበዛበት ቮልቴጁ ከቁጥጥሩ ያመልጣል፤ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ተከራዮቹ በደረጃ እየወረዱ ይራገማሉ። ገሰሰም አብሮ ይራገማል፤ እሱ የሚራገመው ጄነሬተሩን ነው።

በመጨረሻ ጄነሬተሩን የሸጠው ድርጅት ኢንጂነር ላከ፤ ተክለብርሃን ይባላል፣ ረጋ ያለ፣ ሆዱ ትንሽ የወጣ ሰው። መለኪያውን አየ፤ የካፓሲተሮቹን ረድፍ አየ፤ ገሰሰንም አየ።

«ኢንጂነር፣ ከረንትዎ እየቀደመ ነው። ካፓሲተሩን ይቀንሱት።»

«ማይነሱ አይታይዎትም?»

«እሱን አይቼ ነው የምልዎት። በዚህ መለኪያ የዘገየ ፕላስ ነው። እኛም የምንሠራው እንደዚያው ነው።»

«የዘገየ ፕላስ?» አለ ገሰሰ፣ ሰውዬው የእናቱን ስም ያጠፋበት ይመስል። «የት ነው የተማሩት?»

«እሱን እንተወው። አንዱን ካፓሲተር እናጥፋና ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ምልክት አያስፈልገንም።»

እውነት ለመናገር ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር። አንድ ማጥፊያ መጫን ነው። ገሰሰ ግን «መሞከር ለማያውቅ ሰው ነው» ብሎ በሩን ከፍቶ አሳየው። ተክለብርሃንም ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

በጥቅምት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገርጂ ያለው የገሰሰ ቤት በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ነበሩ። ሳምራዊትና ቃልአብ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ ወርቅዬም ለዚህ ጠዋት ስትዘጋጅ ሰንብታለች። ከፊት የገቡት አቶ ረታ ነበሩ፤ ድሮ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ሆነው የስንቱን አጥር ያስታረቁ አዛውንት። ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ ቄስ። ከኋላ፣ ነጭ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ተክለብርሃን። አባቱ የሞተበትን ቃልአብን ከልጅነቱ ያሳደገው አጎቱ እሱ ነው። ሁለቱ ኢንጂነሮች ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ወርቅዬ የሁለቱም ፊት ለምን እንደጠቆረ አልገባትም።

«ይቀመጡ እንጂ» አለች።

«ጉዳያችንን ሳንናገር፣ መልካም ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ረታ እንደ ወጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንጂነር፣ ልጅዎን ሳምራዊትን ለልጃችን ለቃልአብ ለትዳር ልንጠይቅ ነው አመጣጣችን።»

ወጉ የታወቀ ነው። የልጅቷ አባት «ዘመድ እናማክር» ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ በሁለተኛው ይሳካል። ገሰሰ ግን ዓይኑን ከተክለብርሃን ላይ አላነሳም።

«ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁን» አሉ አቶ ረታ ደስ ብሏቸው። «የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የመጣነው።»

«የዘገየ ከረንት፣ የአንግሉ ምልክት ምንድነው?»

አቶ ረታ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ ወደ መስቀላቸው አዩ።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ ለዚህ አልመጣንም» አለ ተክለብርሃን።

«ልጄን የምትሰጥበትን ቤት ማወቅ አለብኝ። ፕላስ ነው ማይነስ?»

ተክለብርሃን ጥርሱን ነክሶ ዝም ቢል ታሪኩ እዚህ ላይ ይጠናቀቅ ነበር። ነገር ግን እሱም ኢንጂነር ነው። «ፕላስ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሽምግልና አይመጥንም። ሁለት የተማሩ፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመው፣ እጃቸውን እንደ ቮልቴጅና እንደ ከረንት እያወዛወዙ ማን ማንን እንደሚያይ ተከራከሩ። አቶ ረታ ለጥቂት ጊዜ በጥሞና አዳመጡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። የሚያውቁትን ነገር አገኙ።

«ቆይ፣ ይሄ እኮ የወሰን ክርክር ነው» አሉ። «አንዱ ከዚህ ይለካል፣ አንዱ ከዚያ። እኔ ስንቱን ፈትቻለሁ። አንዳችሁ ከፕላሱ ትንሽ ልቀቁ፣ አንዳችሁ ከማይነሱ ትንሽ ልቀቁ፣ ዜሮ ላይ እንታረቅ።»

«ዜሮማ ቢሆን መቼ እንጣላ ነበር» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። አንግሉ ዜሮ ሆነ ማለት ከረንቱና ቮልቴጁ እኩል ተራመዱ ማለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን የሚመኘው እሱን ነው። አቶ ረታ ያስታረቁ መስሏቸው ሊቀመጡ ወንበር ሳቡ። ተቀምጠው ሳይጨርሱ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ።

በመጨረሻ ገሰሰ ቀጠሮ ሰጠ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። «እኚህ ሰውዬ ከሌሉበት» አለ። ልጁን ያሳደገውን ሰው ከሽማግሌ ይውጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ሳምራዊት ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። «አባዬ» አለች፣ «እኔን ሊጠይቁ ነው እኮ የመጡት።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠራህም።»

ገሰሰ መልስ አላጣም፤ መልስ አጥቶ አያውቅም። ስለ መርህ ተናገረ። ልጅቷ ሳትሰማው ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ወርቅዬ በሩ ሥር ቆማ ለቅሶዋን ሰማች። በዚያው ቀን ወርቅዬ ለአቶ ረታ ደወለችና ዓይኗን በጨው አጥባ «ኢንጂነር አስቦበት እሺ ብሏል፣ ሁላችሁም ኑ» አለች። ገሰሰ እሺ ማለቱን የሰማው በማግስቱ እንኳን ደስ ያለህ ካሉት ሰዎች ነው። በሕዝብ ፊት የተባለውን ሊመልስ አልቻለም፤ ይልቅ የራሱን በቀል አሰበ። ሰርጉ እሱ በሚሠራበት ሕንፃ አዳራሽ ይሁን አለ። ተክለብርሃን መጥቶ በማይነስ የሚሠራ ቤት ይይ።

ሳምራዊት አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። በቦሌ አዳራሾች አባት ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ ሲገባ አይታለች፤ እንደዚያ እንዲያስገባት ፈለገች። «ከጎኔ እንዳትለይ፣ አባዬ። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እኔ ልዘገይ?» ብሎ ሳቀ ገሰሰ። «ማይነስ ስገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰርጉ በጥር ወር በአንድ እሑድ ዋለ። እሑድ ቢሮዎቹ ዝግ ናቸው። ሊፍቱና ፓምፑ ዝም ብለዋል፣ ማቀዝቀዣዎቹ ጠፍተዋል፤ ከረንትን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር እምብዛም አልነበረም። የገሰሰ ካፓሲተሮች ግን ሁሉም በሥራ ላይ ነበሩ። አዳራሹ ከጄነሬተሩ ክፍል አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። እንግዳው ሞልቶ፣ ቃልአብ ከሚዜዎቹ ጋር መድረኩ ላይ ቆሞ፣ አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ ሙሽራዋን ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ መብራት ሄደ።

በሩ ላይ ሳምራዊት የአባቷን ክንድ አጥብቃ ያዘች። ከታች ጄነሬተሩ ሲያጓራ ተሰማ፣ አዳራሹ ብልጭ አለ፣ ጠፋ።

«አንዴ» አለ ገሰሰ፣ ክንዱን ከእጇ እያላቀቀ።

«ተወው አባዬ፣ በስልክ መብራት እንገባለን።»

«ተክለብርሃን እያየ?»

ያሳዝናል፤ ግን የተናገረው ይህንኑ ነው። በደረጃው ወረደ፣ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አበባው ደረቱ ላይ ተሰክቶ።

ጄነሬተሩን አስነሳው፤ ቆመ። እንደገና አስነሳው፤ ቆመ። በበራበት ቅጽበት መለኪያው ላይ ትልቅ ማይነስ አየ። «ዘግይቷል» አለ ለራሱ፤ ልማድ ክፉ ነው። የቀረውን የመጨረሻ ካፓሲተር አስገባና እንደገና አስነሳ። በዚህ ጊዜ የጣሪያው አምፖል እንደ ፀሐይ ነጣ፣ ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ከላይም የአንድ ድምፅ ማጉያ ፍንዳታና የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ጸጥታ። ገሰሰ በጨለማው ውስጥ የስልኩን መብራት ይዞ፣ የመስታወት ስብርባሪ ትከሻው ላይ፣ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ እልልታ ሰማ። ከላይ፣ ከአዳራሹ። ሙሽራ ሲገባ ብቻ የሚሰማ፣ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ቤቱን የሚሞላ እልልታ።

እጁ ወደ ማጥፊያዎቹ ሄደ። ሊያስብበት አልፈለገም፤ ተክለብርሃን «አንዱን እናጥፋ» ካለው ቀን ጀምሮ በልቡ ሲያስብበት የኖረ ሰው እጅ ነበር። አንዱን አጠፋ፣ ሌላውን አጠፋ፣ ሁሉንም አጠፋ። ጄነሬተሩን አስነሳው። አጓራ፣ ተረጋጋ፣ ጸና። መለኪያው ላይ ማይነሱ የለም፤ ፕላስ ተጽፏል። ገሰሰ ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ ማንም አላየውም። ይታያችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ማንም ስላላየው ለአፍታ ደስ አለው።

ሲደርስ አዳራሹ ደምቋል። ሳምራዊት መድረኩ ላይ ከቃልአብ ጎን ተቀምጣለች፤ በሙሽራዋ አባት ወንበር ላይ ተክለብርሃን ነበር። ገሰሰን ሲያይ ተስፈንጥሮ ተነሳና ቦታውን ለቀቀለት። አስተዋዋቂው ደግሞ ጄነሬተሩ ከማን ድርጅት እንደመጣ ከአንዱ እንግዳ ሰምቶ ኖሮ፣ «ለመብራታችን ኢንጂነር ተክለብርሃንን እናመሰግናለን» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ገሰሰም በጥቀርሻ በጠቆረ እጁ አጨበጨበ። ሳምራዊት ጎንበስ ብላ ከትከሻው ላይ አንዲት የመስታወት ስባሪ አነሳችለት።

የሰርጉ ቪዲዮ የደረሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ወርቅዬ የቃልአብን ቤተሰብ ጠርታ ሁሉም ገርጂ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው አዩት። ገሰሰ ሪሞቱን ይዟል። እንግዳው ታየ፣ ሚዜው ታየ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ የስልክ መብራቶች ብቻ። በበሩ ላይ ሳምራዊት ብቻዋን ቆማ ትታያለች። ወደ ደረጃው ዞራ ታያለች። አስተዋዋቂው ይጠራታል፤ እሷ ደረጃውን ታያለች። እናቷ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አሁንም ደረጃውን ታያለች። አምፖሎቹ ለቅጽበት ነጭ ሆኑ፣ ድምፅ ማጉያው ፈነዳ፣ ሰው ጮኸ፣ እሷ አልተነቃነቀችም። በኋላ ተክለብርሃን መጥቶ፣ እንደማፈር ብሎ ክንዱን ሰጣት። ያዘችውና ሁለት እርምጃ ሄዳ አንገቷን መልሳ እንደገና ወደ ኋላ አየች።

ገሰሰ ወደ ኋላ መለሰና ያንኑ ደገመው። ከዚያም ደገመው።

ተክለብርሃን ደግ ሰው ነው፤ ይህን ማየት አቃተው። «አይዞዎት ኢንጂነር» አለ ፈገግ ብሎ፣ «በእኛ ቤት እኮ የዘገየ ፕላስ ነው።»

ሁሉም ገሰሰ እንዲስቅ ጠበቁ። እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

«ማይነስ ነው» አለ።

ማንም አልተከራከረውም። ሳምራዊት ሪሞቱን ከእጁ ወስዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።